ሰማያዊው መስመር

ልጅቱ ተጠርታ ስትደርስ አባቷ ቢሮው ውስጥ እንደተቀመጠ ነበር። ኮቱ ተቆልፏል፣ መነጽሩም ቦታው ነው፤ ስብሰባ ሰልችቶት ያሸለበ እንጂ የሞተ አይመስልም። አላለቀሰችም። የመጋረጃው ጫፍ ተተርትሯል፤ ማን ሊሰፋው ነው ብላ አሰበች።

አባቷ ለውጭ አገር የሕክምና ትምህርት ቤቶች ዕውቅና የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስለ አንድ የባሕር ማዶ ኮሌጅ ሊወስን ነበር። ዕውቅና ካገኘ እዚያ የተማረችው ልጁ ሐኪም ትሆናለች፤ ካላገኘ ዲግሪዋ የግድግዳ ጌጥ ነው። የገዛ ልጁን ኮሌጅ ሊመዝን መቀመጡ ራሱ ጉድ ነው፤ ግን ለማንም አያዳላም፣ ለእሷም ቢሆን።

መርማሪዋ ትልቅ ቦርሳ ያንጠለጠለች፣ ገበያ የወጣች የምትመስል ሴት ናት። አብሯት የመጣው ሐኪም የሟቹን እጅጌ ገልጦ፣ «አንዲት ቀዳዳ ብቻ» አላት። «ልብ የሚያቆም መድኃኒት በደም ሥሩ ገብቷል። መርፌው ግን የለም።»

መርፌው ከሌለ ራሱን አልገደለም። ጠዋት ቢሮው የገቡት ልጁ፣ ምክትሉና የኮሌጁ ወኪል ናቸው፤ ይህ ወኪል ለተማሪ ከሚያድለው ወረቀት የተነሳ ባለብሮሹሩ ይባላል።

መርማሪዋ ወንበሩ ጀርባ የተሰቀለውን ፎጣ ዳሰሰች። እርጥብ ነው። ማንም ሳያያት ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ወንድሜ፣ መርፌ ትወጋለህ?» አለችው ባለብሮሹሩን።

«እኔ? ደም ሳይ እኮ እወድቃለሁ! ሥራዬ መመዝገብ ነው።»

ወደ ምክትሉ ዞረች። «እርስዎስ?»

«ድሮ ሐኪምም አስተማሪም ነበርኩ። መርፌ ከጨበጥኩ ግን ስንት ዘመኔ! ኮሌጁን ሄጄ የገመገምኩት እኔ ነኝ፤ ሆስፒታሉ በበሽተኛ የተሞላ፣ ተማሪው እጁ የተፍታታ።» ልጅቱን አየት አድርጎ፣ «ያሳዝናል» አለ።

የልጅቱ ተራ ደረሰ።

«አባትሽ ትናንት ምን አለሽ?»

«ልጄ ስለሆንሽ አላሳልፍሽም አለኝ።»

«አኮረፍሽ?»

«ራት በላን።»

«የሰው ደም ሥር እንዴት ይገኛል?»

«ሰማያዊውን መስመር ተከትሎ ነዋ።»

«የምን መስመር?»

«የአሻንጉሊቱ። የምንለማመድበት። ክንዱ ላይ በቀለም ተሰምሯል።»

አስከሬኑ ከወጣ በኋላ መርማሪዋ ሁሉንም እዚያው ቢሮ ሰበሰበቻቸው። እጅጌዋን ጠቀለለች፤ ወፍራም ክንድ ነው፣ ደም ሥር የሚባል አይታይበትም።

«ነይ ልጄ፣ ፈልጊልኝ። ጣትሽ ይበቃል።»

ልጅቱ ዳበሰች። የምታገኘው ሁሉ ጅማት ነው። ባለብሮሹሩ መርፌ በሌለበት ፊቱን አዙሯል። ምክትሉ ተቁነጠነጠ፤ የድሮ አስተማሪ እንዲህ ያለውን ዝም ብሎ ማየት አያስችለውም።

«ኧረ በሙቅ ፎጣ አሙቂው! እንዲህ ያለ ክንድ መጀመሪያ...»

የቀረውን ዋጠው።

መርማሪዋ ፎጣውን ከቦርሳዋ አወጣች። «ይህን ከሟቹ ወንበር ላይ እርጥብ ሆኖ አገኘሁት። የእሱም ክንድ እንደኔው ነው፤ ገዳዩ ግን በአንድ መውጊያ ደም ሥሩን አግኝቷል። ባለብሮሹሩ አይሞክራትም። እሷን እንዳያችኋት ናት። እርስዎ ያዩት ሆስፒታል ቢኖር ኖሮ ግን እሷን እጠረጥር ነበር። አባትየው ደም ሥር የማታገኝ ልጅ ቤቱ ይዞ የእርስዎን ግምገማ ሊያምን ነው?»

ምክትሉ ባዶውን ወንበር አየ። «ከሆቴሌ አልወጣሁም» አለ። «አመመኝ። ያሳዩኝን ፊልም አይቼ ፈረምኩ። ዛሬ በሰው ፊት ሊያዋርደኝ ነበር። ደክሞሃል፣ ግሉኮስ ልስጥህ ስለው... እጅጌውን ራሱ ጠቀለለልኝ።»

ልጅቱ ከልጅነቷ ጀምሮ ጋሼ ነበር የምትለው። አሁን መጋረጃውን ታያለች።

ምክትሉን ሲወስዱት መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች። «ነገ ይክዳል፤ ስለ ትምህርታችሁ ቃልሽ ያስፈልገኛል። ከሰጠሽ ግን ኮሌጁ አለቀለት። ዲግሪሽም።»

«ሕያው ሰው ወግቼ አላውቅም» አለች ልጅቱ። «ከተማሪዎቹ ማንኛችንም። ይጻፍ።»

ቃል ተቀባዩ ፖሊስ ብዕሩን አነሳ። «ከስምሽ በፊት ዶክተር ልበል?»

«የሟቹ ልጅ በል» አለች።