መሬት የሌላት ፕላኔት

ክረምት ገብቶ ተማሪ ሲበተን የትምህርት ቤቱ ግድግዳዎች የመምህር ይርዳው ይሆናሉ። የሥዕል መምህር ነው። ከሐምሌ እስከ ጳጉሜ መሰላሉን ከክፍል ክፍል እየጎተተ የደበዘዘውን የአፍሪካ ካርታ ያድሳል፣ የአጽሙን አጥንት አንድ በአንድ ያነጣል፣ ተማሪ ጢም ያበቀለለትን ልብም ይላጨዋል። በመጨረሻም ሁሉንም በወፍራም ጥቁር መስመር ይከባቸዋል። ያለ መስመር ሥዕል አልቋል አይባልም ባይ ነው። በዚያ አካባቢ የትምህርት ቤት ሥዕል ሁሉ እንዲህ ነው፤ ጉበቱም፣ ዓባይም፣ ጨረቃም ዙሪያቸው ታስሯል።

በዚህ ክረምት አንድ ግድግዳ ብቻ ቀረው፤ የስምንተኛ ሀ የኋላ ግድግዳ። እዚያ ላይ ጁፒተር አለች፣ ካለፈው ነሐሴ ጀምሮ ሳታልቅ የቆመች። የጀመራት የሳይንስ መምህሩ ልዑልሰገድ፣ የይርዳው የልብ ጓደኛ ነበር። ደግ ሰው ነው፣ ግትርነቱ ግን አይጣል ነው። «ይቺ የጋዝ ፕላኔት ናት። ላይዋ ደመና፣ ሥሯም ደመና፤ የሚረገጥ መሬት የላትም። ዳር የሌላትን ነገር በመስመር አጥሬ ልጆቹን አልዋሽም» ብሎ ዙሪያዋን ሳይከብ ተዋት። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ጠፋ። ከተማው በጂቡቲ አድርጎ ሳዑዲ ገባ አለ፤ የጠፋ ሰው ሁሉ የሚገባው እዚያው ነውና። ጫማው ግን ከመሰላሉ ሥር ተገኝቷል።

«ባዶ እግሩን ጂቡቲ የሚሄድ ሰው አለ ወይ፣ ይርዳው?» አለችው የልዑልሰገድ ሚስት ትርንጎ፣ ሥራ በሚጀምርበት ጠዋት በር ላይ ጠብቃ። «አንተ ጓደኛው ነህ። እዚያ ክፍል ውስጥ የሆነ ነገር ካየህ ንገረኝ። ሞቶም ከሆነ ቁርጤን ልወቅ።»

እነግርሻለሁ አላት። ከልቡ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ደህና ዋለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ይርዳው ከወለል እስከ ኮርኒስ የምትደርሰውን ጁፒተር ፊት ለፊት ቆሞ ተመለከታት። ክሬምና ቡናማ ቀበቶዎች ተደራርበውባታል፤ ከወገቧ ዝቅ ብሎ በበሩ በኩል ቀዩ ማዕበል አለ፣ ልዑልሰገድ ለተማሪዎቹ መሬትን ሙሉ የሚውጥ፣ መቶ ዓመት ቢነፍስ የማይደክመው አውሎ ነፋስ ነው እያለ የሚያስተምርበት። ክፍሉ የበቅሎ በረት ይሸታል፤ ዓይን የሚቆጠቁጥ፣ የከረመ ሽንት ዓይነት ሽታ። የሌሊት ወፍ ገብቶ ይሆናል ብሎ መስኮቱን ከፈተ። አመሻሽ ላይ ጥቁር መስመሩን ዙሪያዋን አስምሮ፣ ብሩሹን አጥቦ ቤቱ ገባ።

በማግስቱ መስመሩ የለም። ዝናብ ያጠበው ቢሆን ቀለሙ ወለሉ ላይ በወረደ ነበር፤ ወለሉ ግን ንጹሕ ነው። ይባስ ብሎ ትናንት በበሩ በኩል የነበረው ቀይ ማዕበል ዛሬ በመስኮቱ በኩል ሆኗል። ይርዳው የራሱን ዓይን ከመጠርጠር ሰው መጠርጠር ቀለለውና ጥበቃውን ጋሼ ሙሄን ጠራቸው።

«ለሰው ከፍተው ነበር እንዴ፣ ጋሼ?»

«ቁልፉ ከኪሴ አልወጣም።» ጋሼ ሙሄ ደፉን አላለፉም፤ እዚያው ቆመው ዘንጋቸውን ተደገፉ። «ኖራው ጥግ ላይ ተበጥብጦልሃል። ድፈነውና እንረፍ፣ መምህር። እዚህ ቤት ውስጥ ከውጭ ያልገባ ነፋስ አለ።»

ይርዳው ሳቅ አለ። ሲሄዱ ግን ሳቁ ከፊቱ ጠፋ፤ ዝናቡ ቆሞ ዛፍ ቅጠል ሳይወዛወዝ፣ ከግድግዳው ወዲያ ሳይሆን ከግድግዳው ውስጥ፣ ከሩቅ ገደል ሥር የሚነሳ የሚመስል ረጅም ጉምጉምታ ይሰማ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ምሳውን አልበላም፤ ዳቦውን በእጁ እንደያዘ ቀዩን ማዕበል ሲጠብቅ ዋለ። ማዕበሉ ሲሄድ አይታይም፤ ግን ይሄዳል። ጠዋት በር ጋ የነበረው ስድስት ሰዓት ላይ መስኮቱ ጋ ደርሶ፣ ከዚያ ከጠርዙ ኋላ ተሰወረ። ጁፒተር ከነግዝፈቷ ባሥር ሰዓት ውስጥ አንዴ በራሷ ዙሪያ ትዞራለች የሚለው የልዑልሰገድ ትምህርት ትዝ ሲለው ዳቦውን አስቀመጠ። ጆሮው በአውቶቡስ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ እንደሚደፈነው ተደፈነ። ከጠረጴዛው ላይ አንድ ጠመኔ ወደቀ፣ በደልዳላው ሲሚንቶ ላይ እየተንከባለለ ወደ ግድግዳው ሄደ፣ ገባም። ይርዳው ጠመኔው ሲያርፍ የሚያሰማውን ድምፅ ጠበቀ። ብዙ ጠበቀ። ድምፅ የለም።

ያኔ ነው የገባው። ልዑልሰገድ የትም አልሄደም፤ ወድቋል። የሚያርፍበት መሬት ስለሌለም፣ ዓመቱን ሙሉ፣ በዚህች ቅጽበት ጭምር፣ ገና እየወደቀ ነው።

ሸሽቶ መውጣት ይችል ነበር። የትርንጎ ፊት ያዘው። በሌላ በኩል ደግሞ ፍርሃቱ ኖራ ቅባ፣ ዝጋ፣ ተገላገል ይለዋል። የኖራውን ባልዲ ከነብሩሹ በግራ እጁ አንጠልጥሎ ግድግዳው ሥር ቆመ፤ ሊደፍነው ይሁን ሊጣራ ራሱም አያውቅም። ውጭ ደመናው ከብዶ ቀኑን አጨልሞታል።

«ልዑሌ» አለ ቀስ ብሎ።

ጉምጉምታው ቆመ። ከታች፣ ከጥልቅ፣ መጮህ የሰለቸው ሰው ድምፅ መለሰለት። «ይርዳው። እጅህን።»

ቀኝ እጁን ሰደደ። ግድግዳው እንደ ጉም ተከፈተለት፤ መጀመሪያ ክንዱን በረደው፣ ጠለቅ ሲል ሞቀው፣ ከዚያ አቃጠለው፣ ከሁሉም አቅጣጫ የሚጫን ክብደት አጥንቱን ጨመቀው። ጣቶች አገኙት። የጓደኛው ጣቶች ነበሩ፣ የቀለበቱን ጠርዝ ለይቶታል፤ ግን ተጭነው ተጭነው እንደ ወረቀት ሳስተዋል፤ ሳስተውም ጉልበታቸው ለጉድ ነበር። ጎተቱት። ትከሻው ገባ፣ ፊቱ ያንን ሽታ ነካ፣ ለአንድ አፍታ ሁሉም ነገር ጨለማና ነፋስ ሆነ።

ይርዳው ለቀቀው። እውነቱ ይኼ ነው፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየፈለቀቀ ጓደኛውን ለቀቀ።

ጨለማው ሲገፈፍለት ግድግዳው ከነቀበቶዎቹ ፊቱ ነበር። እያለቀሰ ኖራ ቀባው። ከላይ ጀምሮ ክሬሙን፣ ቡናማውን፣ ቀዩን፣ ብሩሹ እስኪመለጥ ቀባው፣ ሽንቁር የምታህል እንኳ አላስቀረም። ሲጨርስ ግድግዳው ነጭ፣ ደረቅ፣ ድርቅ ያለ ግድግዳ ነበር፤ በመዳፉ ቢመታው እንደ ድንጋይ መለሰለት። ተንፍሶ እንባውን ጠረገ። ለትርንጎ ምንም አላየሁም ሊላት ቆረጠ፤ ቃላቱንም በልቡ ያሰናዳ ጀመር።

የጋሼ ሙሄ ዘንግ ሲሚንቶው ላይ ቋ፣ ቋ ሲል ተሰማው። አብሯቸው የሴት እርምጃ አለ።

«ይርዳው የለም እንዴ?» አለች ትርንጎ።

«ደፍኖልን ሄዷል፣ ልጄ። ጎበዝ ነው፤ ተመልከች፣ ቀዳዳ እንኳ አልተወም» አሉ ጋሼ ሙሄ፤ ድምፃቸው ከነጩ ግድግዳ ወዲያ፣ ከክፍሉ ውስጥ ነበር፣ ይርዳውም ወደ በሩ ሊዞር አንድ እግሩን ሲያነሳ መልሶ የሚያሳርፍበት አጣ።