ከጀርባው የተሳለው መስታወት

ልብስ ሰፊዋ እርጥቡን ጨርቅ ስታነሳው የወርቅ ቀለም ነክቶት አገኘችው። ቀለሙ ከመስታወቱ ላይ የለቀቀ መሆኑን ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደባት።

መስታወቱ የእጮኛዋ ነው። እጮኛዋ የታሪክ መምህር ሲሆን የድሮ የቢራ ፋብሪካ ማስታወቂያዎችን ይሰበስባል፤ ሰፈርተኛው «ቆርቆሮ» ነው የሚለው። የተዋወቁትም በቆርቆሮ ነው። የሱቋን ግድግዳ ቀዳዳ የደፈነችበት ዝገታም ነገር የድሮ ማስታወቂያ ሆኖ ተገኘና፣ ሰውየው አንድ ቀን በሩ ላይ አፍጥጦ ቀረ።

«እህቴ፣ ይቺን ይሸጡልኛል?»

«ዝናቡን እርስዎ ሊከለክሉልኝ?»

በማግስቱ አዲስ ቆርቆሮና መዶሻ ይዞ መጣ። ምስማሩን ስቶ አውራ ጣቱን ሲመታ ሳቀችበት፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ወዲያ የሚያሳጥረው ሱሪ አላጣም።

ወሬው ሁሉ ስለ ማስታወቂያዎቹ ነበር። ፋብሪካው መጀመሪያ መስታወት ላይ በእጅ ያስል እንደነበር፣ መስታወቱ እየተሰበረ ሲያስቸግር ቀለሙ በእሳት ወደሚጠበስ ብረት እንደዞረ፣ በመጨረሻም ርካሹ ቆርቆሮ እንደመጣ ይነግራታል። ከመስታወቶቹ ግን አንድም ማግኘት አልቻለም ነበር። ዘጠኝ ዓመት ፈልጎ፣ ባለፈው ሳምንት አንዱን ከተዘጋ መጠጥ ቤት አገኘ። የዚያን ቀን እንደ ሕፃን እየዘለለ ነው የመጣው።

ሰርጋቸው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እሱ ትምህርት ቤት ሳለ ማስታወቂያዎቹ ያሉበትን ክፍል አጽድታ ልታስደስተው አሰበች። ብረቶቹን ከዚህ በፊት አብረው በሳሙና አጥበዋል፤ እንደ ሳህን ነው የሚታጠቡት። የመስታወቱ ሥዕል ግን ከጀርባው የተሳለ ነበር፤ ቀለሙ ውኃ አይችልም። ይሄን ማን ነገራት?

መምህሩ ተቆጥቶ አይታው አታውቅም። የሚያስፈራትም ይኸው ነው። አባቷም ውጭ ሲታዩ ተጫዋች፣ ሰው የሚወዳቸው ሰው ነበሩ። ቤት ውስጥ ግን አንድ ብርጭቆ ከተሰበረ ቀበቷቸውን ይፈቱ ነበር።

ለታላቅ እህቷ ደውላ የሆነውን ነገረቻት።

«ስሚኝ» አለቻት እህቷ፣ «ጨርሰሽ ስበሪውና ድመት ጣለው በይ።»

«እትዬ፣ ድመት የለንም እኮ!»

«የጎረቤት ድመት ጠፋ?» አለች እህቷ። «እንደ አባባ ቢሆንስ?»

ስልኩን ዘግታ መስታወቱን ከፍ አድርጋ ያዘችው። ብትለቀው በቃ፣ አለቀ። ነገር ግን ዛሬ በድመት ከጀመረች ዕድሜ ልኳን ድመት ስትፈልግ ልትኖር ነው። መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

የውጭው በር ተከፈተ። እርምጃውን ቆጠረች።

«ምነው፣ አሞሻል እንዴ?» አለ ገና ሲገባ። ከዚያ ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ከወርቁ ፊደሎች የቀሩት ሁለት ብቻ ነበሩ።

«እኔ ነኝ» አለች። «ላጸዳልህ ብዬ... አላወቅኩም ነበር።»

ፊቱ ተለዋወጠ። መስታወቱን አየ፤ እሷን አየ፤ መልሶ መስታወቱን አየ። ከዚያ በድንገት እጁን አነሳ።

በሁለት እጆቿ ራሷን ሸፍና ግድግዳው ሥር ኩርምት አለች።

እጁ ግን የሄደው ወደ ራሱ ጭንቅላት ነበር። እንደያዘው ደንዝዞ ቀረ።

«ልመታሽ መስሎሽ ነው?» አለ።

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

መምህሩ እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። ወደ እሷ አልተጠጋም፤ ካለበት ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ተናድጃለሁ» አለ። ዓይኖቹ እንባ ሞልተዋል። «አልዋሽሽም፣ በጣም ነው የተናደድኩት። ዘጠኝ ዓመት! ነገም የሚለቀኝ አይመስለኝም።»

«ሰርጉስ?» አለች በሹክሹክታ።

«ሰርጉ ደግሞ ምን አደረገ?!» ብሎ ጮኸ።

በሕይወቷ እንዲህ ቀበቶ የሌለበት ቁጣ ሰምታ አታውቅም። እጆቿን ከራሷ ላይ አወረደችና ሄዳ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።