አጎበሩ የተነሳ ለታ

ጀልባዋ የባለቤቴ ነበረች። ጣሊያን ገናሌ ዳር ጭቃ ውስጥ ጥሏት ሲሄድ፣ ጎትቶ ያወጣት፣ ሞተሯን የጠገነ እሱ ነው። ወባ ሲገድለው ግራዝማች ሸዋንግዛው ለቅሶው ላይ፣ «ሮማነወርቅ፣ ብቻሽን ወንዝ አትችይም፤ በአደራ ልያዝልሽ» አሉኝ። ሰጠሁ። አደራዬን በሉ። የሚብሰው ደግሞ የጀልባዋን አጎበር በየዓመቱ የምሰፋው እኔው መሆኔ ነው፤ ዶሎ ውስጥ ሌላ አጎበር ሰፊ የለም። «ጀልባዬን ሳልይዝ አልሞትም» ብዬ በገበያው መካከል ስንት ጊዜ ጮኬአለሁ። መጀመሪያ ሰው ከንፈሩን መጠጠልኝ፤ ኋላ ሳቀብኝ።

እንግዲህ አንድ ጥዋት ግራዝማች ጀልባዋ ውስጥ ሞተው ሲገኙ፣ ቀድሜ የተጠራሁት እኔ ነኝ።

ያስጠራኝ ሃምሳ አለቃ ጎዳና ነው፤ ለሌላ ጉዳይ ከነገሌ ቦረና መጥቶ ዶሎ የሰነበተ ፖሊስ።

«አካም፣ እትዬ? ናጋ?» ሲል በኦሮምኛ ሰላም አለኝ።

«ናጋ» አልኩት። ሌላ ምን ይባላል።

ጀልባዋ ሆዷ ውስጥ አንዲት መኝታ ክፍል አለቻት። መግቢያው ጣሪያው ላይ ያለው ቀዳዳ ብቻ ነው። በሳንቃ ቢዘጉት ሙቀቱ ሰው ይገድላል፤ ስለዚህ በእንጨት የወጠርኩት አጎበር ነው የሚገጠምበት። በዶሎ ሕጉ አንድ ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ የመግሪብ አዛን ሳይባል አጎበር ይገጠማል፣ ከተባለ በኋላ አባትህ ቢጠራህ አይነሳም። የዚያን ለታ ግን አጎበሩ ተነስቶ ጣሪያው ላይ ተጋድሟል፣ ቀዳዳው ክፍት ነው።

ሃምሳ አለቃ አስከትሎኝ ወረደ። ግራዝማች በግንባራቸው ተደፍተዋል፤ ማጅራታቸውን ተመትተዋል። ያን ሁሉ ዘመን የረገምኩት ሰው ነው። ቆሜ አየሁት፤ ምንም አልመጣልኝም፣ ደስታም እንባም።

«አጎበሩ የእጅዎ ሥራ ነው?»

«ነው።»

«ተቀዷል?»

«አልተቀደደም። መቀርቀሪያውም ደህና ነው። በእጅ ነው የተነሳው።»

ክፍሉ በቢምቢ ተሞልቷል። ሃምሳ አለቃ እጁ ላይ ያረፈችውን በጥፊ መታትና መዳፉን አየ። ሌላዋንም መታ፣ አሁንም መዳፉን አየ። ከዚያ የሟቹን እጅጌ ሰብስቦ ክንዳቸውን፣ እግራቸውን፣ አንገታቸውን ቀስ እያለ ተመለከተ። ምን እንደሚፈልግ አልገባኝም።

ወጥተን ዳርቻው ላይ ተክሉን ጠየቀው። ተክሉ የግራዝማች የእህት ልጅ ነው፣ ሞተሩን የሚነዳው እሱ ነው።

«ከመግሪብ በኋላ መጣሁ» አለ። «አጎቴ ‹ሙቀቱ ጨረሰኝ፣ አጎበሩን አንሳልኝ› አሉኝ። አነሳሁላቸው። ከዚያ ጠላ ቤት ገብቼ እዚያው አደርኩ፤ ሰፈሩ ሁሉ ምስክሬ ነው።»

«ስትሄድ ደህና ነበሩ?»

«ይስቁ ነበር እንጂ! ደግሞስ ስትዝትባቸው የኖረች ሴት እዚህ ቆማ፣ እኔን ምን ታደርቀኛለህ?»

ሃምሳ አለቃ ወደ እኔ ዞረ። «ሲመሽ የት ነበሩ?»

«ቤቴ።»

«ከማን ጋር?»

«ከማንም።»

ከሃምሳ አለቃ ጋር ከነበሩት ፖሊሶች አንዱ ካቴናውን ከወገቡ ሲፈታ አየሁት። ነገሌ ወህኒ ቤት ገብታ የወጣች ሴት አላውቅም።

«ሳይመሽስ?»

«ጎረቤቴ ሸምሳ ቤት። የልጇን የሠርግ ድንኳን ስንሰፋ ዋልን። አዛን ሲባል ነው የወጣሁት፤ ቤት ሙሉ ሴት ነበር፣ ጠይቅ።»

ጀልባዋ ላይ ጨው የሚጭነው ነጋዴ ሀሺም ተጠየቀ። ከቀትር በኋላ ካለው የአሱር ሶላት እስከ መግሪብ መስጊድ ነበር፤ ከዚያ ቤቱ ብቻውን ነው ያደረው። ሊሄድ ብሎ ቆም አለ።

«አንድ ነገር ልናገር። ግራዝማች ታመው ከተነሱ ወዲህ አደራው ከብዷቸው ነበር። ዓርብ በሽማግሌ ፊት ጀልባዋን ለሮማነወርቅ ሊመልሱ ነበር። ምስክር ሁን ብለውኛል።»

«እሷ ታውቃለች?»

«አልነገሯትም። የምናውቀው እኔና ተክሉ ነን።»

ይህን ስሰማ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ሃምሳ አለቃ ሁላችንንም ግራሩ ሥር ሰበሰበን።

«ተክሉ፣ አጎበሩን ከመግሪብ በኋላ አነሳህ፤ እሳቸውም ይስቁ ነበር። አይደል?»

«ስንት ጊዜ ልበልህ?»

«እጄን እየው።» እጁ አባብጧል። «እዚያ ውስጥ ጥቂት ብቆይ ይኸው በሉኝ። ግራዝማች ሌሊቱን በሙሉ በተከፈተ ቀዳዳ ሥር አድረው አንድ ንክሻ የለባቸውም። የገደልኳቸው ቢምቢዎች ሁሉ ሆዳቸው ባዶ ነው። ጾማቸውን ነው ያደሩት።»

ያበጠውን እጁን እያከከ ቀጠለ።

«ቢምቢ የሚተነፍስ ሰው ነው የምትፈልገው። ከወንዙ የምትወጣው ደግሞ በመግሪብ ነው። ስለዚህ መግሪብ ሳይደርስ ግራዝማች ሬሳ ነበሩ። ሬሳ አይስቅም፣ ‹አንሳልኝ›ም አይልም። ያን ጊዜ ሀሺም መስጊድ ናቸው፣ እትዬ በሴቶቹ መካከል ናቸው። አንተስ?»

«ጭነት… ጭነት አወርድ ነበር።»

«እዚችው ጀልባ ላይ። አጎበሩን ያነሳኸው ማታ ሰው የገባ እንዲመስል ነው፤ ማታ ብቻዋን የምታድር ሴት መኖሯን ታውቃለህ። እንደተገጠመ ብትተወው ኖሮ ግን ቢምቢ ባልገባ፣ እኔም ባላወቅሁ።»

ተክሉ ሳይታሰብ ጮኸ። «ለባዕድ! ዕድሜዬን የነዳኋትን ጀልባ ለባዕድ!»

ካቴናው ወደ እሱ ሄደ። ሰው ሁሉ እኔን አየኝ፤ እልል እንድል ይሁን እንዳለቅስ አላውቅም። ሁለቱንም አላደረግሁም።

ሬሳውን ካወጡ በኋላ ከወንዙ ውሃ ቀድቼ የክፍሉን ወለል አጠብኩ። ቢምቢዎቹን በጭስ አስወጣኋቸው። ከዚያ መግሪብ ሊደርስ ሲል ገብቼ አጎበሩን ከውስጥ ገጠምኩና ቀረቀርኩት። ባለቤቴ በተኛበት ጎን ተጋደምኩ።

ሃምሳ አለቃ ጣሪያው ላይ መጥቶ ቁጢጥ አለ። ፊቱን በአጎበሩ በኩል አየዋለሁ።

«እትዬ፣ የጀልባዋን ነገር ነገ ሽማግሌ ያየዋል። ለዛሬ ይውጡልኝ።»

«አዛን ተብሏል» አልኩት። «አጎበር አይነሳም።»