የ«ጌት» ደብተር

«‹ጌት› ማለት አገኘ ማለት ነው» አለች ንጋት፣ ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠግታ። «አንድም፣ ሆነ ማለት ነው። አንድም፣ ደረሰ ማለት ነው። አንድም፣ ገባው፣ ተረዳው ማለት ነው።»

ባንዲራው ሥር የተሰለፈው ተማሪ ሁሉ አጨበጨበ። ማርያማዊት ብቻ እጇን አላነሳችም። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። እንዴ! በዚህ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛን እንደ መጽሐፍ ትርጓሜ «አንድም፣ አንድም» እያለ የሚጽፍ ከእሷ ሌላ ማን አለ?

«ደብተሬ ነው» አለች በልቧ። «ልጅቷ የእኔን ደብተር ነው የምታነበው!»

የእንግሊዝኛ አስተማሪያቸው መምህር ጋሻዬ ማይክሮፎኑን ተቀበሉ። «ስልሳ አንድ ፍቺ! ያውም ከነተመሳሳይ ቃሉ! ነገ የንጋትን ስም ወደ ወልድያ እንልካለን። በዞኑ የእንግሊዝኛ ውድድር ትምህርት ቤታችንን የምትወክለው እሷ ናት።»

ነገሩ የጀመረው በፕላዝማው ነው። መስከረም ላይ ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ፣ ትምህርቱን ሁሉ ያ ቴሌቪዥን በእንግሊዝኛ ያንበለብለው ጀመር። «ጌት ኢንቱ ግሩፕስ» ይላል፣ በቡድን ሁኑ ለማለት፤ «ዲድ ዩ ጌት ኢት?» ይላል፣ ገባችሁ ወይ ለማለት፤ መልስ ግን አይጠብቅም። ሰባ ተማሪ አፉን ከፍቶ እያየ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ማርያማዊት እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረችው «ጌት» አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። የመጀመሪያው ቀን በንዴት አለቀሰች። ከዚያ ግን ቃሉን እያሳደደች ትለቅም ጀመር፤ ከራሱ ከፕላዝማው፣ ሽፋኑ ከተገነጠለው የቤተ መጻሕፍቱ መዝገበ ቃላት፣ አክስቷ ባንችይርጋ አንሶላ ከምታጥብበት ሆቴል በረንዳ ላይ፣ ከፈረንጆቹ አፍ። አንዱ ፈረንጅ ልጆችን «ጌት ሎስት!» ብሎ ሲያባርር ብትሰማ፣ እየተናደደችም ቢሆን እሱንም ጻፈችው።

አጻጻፉን የወሰደችው ከአባቷ ነው። አባቷ መጋቤ ሐዲስ ተክለ ሚካኤል ለደቀ መዛሙርታቸው መጽሐፍ ሲተረጉሙ፣ ለአንዱ ቃል አንድ ፍቺ ይሰጡና «አንድም» ብለው ሌላ ይጨምራሉ፤ ደግሞ «አንድም» ይላሉ። እሷም እንደዚያው እየደረደረች፣ በየፍቺው ትይዩ መሰሉን የእንግሊዝኛ ቃል አኖረች፦ ሪሲቭ፣ ቢካም፣ አራይቭ፣ አንደርስታንድ።

ስሟን ግን አልጻፈችበትም። በእነሱ ቤት የመጀመሪያው ገጽ ላይ «በስመ አብ» ይጻፋል፣ በቃ። ሳይማር ስሙን በየደብተሩ የሚለጥፍ ደቀ መዝሙር «ይሄ ደግሞ እዩኝ እዩኝ አለ» ተብሎ ይሳቅበታል። ንጋት ከሁለት ሳምንት በፊት «ለፈተና ላንብበው፣ በማርያም» ብላ የወሰደችው ያንን ስም የሌለው ደብተር ነው።

በእረፍት ሰዓት ማርያማዊት ቧንቧው ጋ ደረሰችባት።

«አትጩሂ፣ ቆይ!» አለች ንጋት፣ ማርያማዊት ገና ሳትናገር። «መምህር ጋሻዬ ናቸው እኮ! ቤተ መጻሕፍት ሳነበው አይተው ‹ጎበዝ ንጋት!› አሉኝ። ምን ልበል?»

«‹የማርያማዊት ነው› ትያለሻ! ሁለት ቃል ነው!»

«ደነገጥኩ። ወዲያው ለርዕሰ መምህሩ ነገሯቸው፤ ከዚያ በኋላ እንዴት ብዬ ልመልሰው? ደግሞ አንቺን አባትሽ ወልድያ ድረስ አይልኩሽም። አታካብጂው በናትሽ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ባይሆን ቅዳሜ መጥተሽ ታስጠኚኛለሽ። እዚያ ወረቀት ይዞ መግባት አይቻልም አሉ።»

ማርያማዊት ከንዴቷ ብዛት ሳቀች። «ወስደሽብኝ ስታበቂ ላስጠናሽ? ዓይንሽን በጨው አጥበሽ ነው የመጣሽው!»

ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። ያን ቀን ከሰዓት ማርያማዊት ቦርሳዋን አንስታ ኋላ ወንበር ሄደች።

ቤት ስትገባ አባቷ ደቀ መዛሙርቱን አሰናብተው ብቻቸውን ነበሩ። እንደ ተማሪዎቻቸው እሷም «የኔታ» ነው የምትላቸው። ቆማ፣ እጇን እያወናጨፈች ሁሉንም ዘረገፈችው። «ይቅር በያት» እንደሚሏት ጠብቃ፣ ለእሱ የሚሆን መልስ አዘጋጅታለች።

«ደብተሩ አሁን የት ነው?» አሏት።

«እሷ ጋ ነዋ!»

«ስልሳ አንዱ ፍቺስ?»

«እሱማ… እኔ ጋ ነው።»

«ከሌላ ደብር ደቀ መዝሙር ሲመጣ መጽሐፉን አይተን አንቀበለውም። ‹ከማን ተማርክ?› እንለዋለን። ቀጥለን መጽሐፉን ዘግተን ‹በል› እንለዋለን። የተማረውና ያልተማረው እዚያ ይለያል።»

«ታዲያ ለንጋት ማን ‹በይ› ይበላት? ሁሉም አጨበጨበላት እኮ!»

«እሱን እንግዲህ እኔ አላውቅም። ትምህርት ቤቱ የእኔ ጉባኤ አይደለም።»

ይሄ ደግሞ የባሰ አናደዳት። እሳቸው ሄደው መምህር ጋሻዬን ቢያናግሩላት ምን ነበረበት? ከበሩ ደርሳ ዞር አለች። «እኔ ብሆን ወልድያ ይልኩኝ ነበር?»

«ማን ከለከለሽ?» አሉ የኔታ፣ ግራ ገብቷቸው።

በማግስቱ ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ ንጋትን ጠበቀቻት። እንደምን አደርሽም አላለቻትም። «ደብተሬን።»

ንጋት ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት። ሽፋኑ ላይ በወፍራም ሰማያዊ እስክሪብቶ «ንጋት አዳም፣ 9ኛ ለ» ተጽፏል። ማርያማዊት ስሙን አነበበችው። ደብተሩን እዚያው ልትቀድደው እጇ ተነሳ፤ እንደምንም መለሰችው።

«እኔ… ልፍቀው ነበር» አለች ንጋት።

«ስሚ። አሁን መምህር ጋሻዬ ጋ ልገባ ነው። ይሄን ዘግተው ሁለታችንንም በቃል ይጠይቁን። ከኋላሽ ሄጄ ግን አላወራብሽም፤ ነይ አብረን እንግባ። ልትናገሪ ከፈለግሽ አንቺ ቅደሚ።»

«ታዋርጂኛለሽ፣ ማርያማዊት። ጓደኛዬ አይደለሽም?»

«ጓደኛሽ መሆኔን ትናንት ማይክሮፎኑን ስትይዢ ማሰብ ነበረብሽ!» ጮኸች። የሚያልፉት ተማሪዎች ዞር አሉ። ግድ አልሰጣትም።

ማርያማዊት ትታት ወደ መምህራን ክፍል ስትሄድ የንጋትን ኮቴ ከኋላዋ ሰማች፤ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይመጣል። በሩ ጋ ስትደርስ ጠፋ።

አንኳኩታ ገባች። መምህር ጋሻዬ ወደ ወልድያ የሚላከውን ወረቀት ከፊታቸው ዘርግተዋል። ማርያማዊት ደብተሩን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠችው።

«ምንድን ነው?» አሉ መምህሩ፣ ደብተሩንና እሷን እያዩ።

ማርያማዊት ወደ በሩ ተመለከተች።

«አንድ ደቂቃ ብቻ ይታገሡኝ፣ መምህር» አለች። «ውጭ ሰው አለ። ካልገባች እኔ እናገራለሁ።»