የጎደለችው አንዲት መስመር

ሩዪን የመጀመሪያውን የሎጂክ ፈተና ወደቀች ሲባል ማንም አላመነም። ከሁሉ ይልቅ ያላመነችው ራሷ ናት። በታይዋን፣ ታይናን ከተማ ባለው ዩኒቨርሲቲ፣ ከኮምፒውተር ሳይንስ ሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች መካከል እንደ እሷ ፈጥኖ ፕሮግራም የሚጽፍ አልነበረም። ጓደኞቿ ኮዳቸው አልሠራ ሲላቸው የሚሮጡት ወደ እሷ ነው። አሁን ግን ከመቶ ሠላሳ አራት አግኝታ፣ ወረቀቷን ገልብጣ ተቀምጣለች።

ወረቀቱ ቀይ በቀይ ሆኗል። «እኩል ለሁለት የማይከፈሉ ሁለት ቁጥሮች ሲደመሩ፣ ድምራቸው እኩል ለሁለት እንደሚከፈል ግልጽ ነው» ብላ ጽፋ ነበር። ከጎኑ በቀይ «ለምን?» ይላል። ከሥሩ ምሳሌ ጨምራለች፤ ሦስትና አምስት ስምንት፣ ሰባትና ዘጠኝ አሥራ ስድስት። ከዚያም ጎን «የቀሩትስ?» ይላል።

ነገሩ ከውጤት ያለፈ ነበር። እናቷ ካረፈች ወዲህ አባቷ ጂንፉ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ የዓሣ ኩሬዎች ባሉበት መንደር፣ ትንሿን የዓሣ ሾርባ ቤት ብቻውን ነው የሚያሠራው። ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሲልካት አንድ ቃል አስገብቷታል፤ አንድ ትምህርት ከወደቀች ወደ ቤት ትመለሳለች፣ እዚያው አጠገብ ንግድ ትማራለች፣ ሾርባ ቤቱንም ከእሱ ጋር ትይዛለች። ሩዪን ያን ጊዜ ስቃ «እሺ» ብላ ነበር። ወድቃ አታውቅማ።

በማግስቱ ወረቀቷን ይዛ የአራሚዎቹን ክፍል አንኳኳች። መልስ ሲጠፋ ገባች። ሰው አይታይም፤ ከጠረጴዛ ሥር ግን ሁለት እግሮች ወጥተዋል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የሎጂክ ወረቀት የሚያርሙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አለ ከሥር የመጣ ድምፅ። «የአየር ማራገቢያው ገመድ ተነቅሎ ነው።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቀይ ቀለም የሚሰጥዎት በነጻ ነው?»

ጠረጴዛው ጓ አለ። ሰውየው አናቱን እያሸ ወጣ። ረጅም ነው፤ መነጽሩ ተንጋዷል፣ ፀጉሩ ላይ አቧራ አለ። ሽማግሌ ጠብቃ የነበረችው ሩዪን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«እርስዎ አትበይኝ፤ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ቦካይ እባላለሁ።»

«ሩዪን።»

«አውቃለሁ። ሠላሳ አራት።»

«እዚህ ቤት ሰው የሚጠራው በውጤቱ ነው?»

«በጽሑፉ ነው። የአንቺ ጽሑፍ አውቶቡስ ሊያመልጠው ሲል እንደሚሮጥ ሰው ነው። መድረሱን ይደርሳል፤ በየት እንዳለፈ ግን አይታወቅም።»

ሩዪን ልትቆጣ አስባ ሳቋ መጣ። ሳቋን ዋጠችው። «እውነት መሆኑን ግን አንተም ታውቃለህ። ታዲያ ምኑን ነው የማረጋግጥልህ?»

«ለእኔ አትጻፊ። የምትዪውን ለማያምን፣ ግትር ለሆነ፣ ምሳውንም ላልበላ ሰው ጻፊ።»

«እንደ አንተ ላለ ማለት ነው?»

«እኔ በልቻለሁ» አለና ወንበር ሳበላት። «እኩል ለሁለት የማይከፈለውን ቁጥር ሁለት ሁለት እያደረግሽ ብትደረድሪው ምን ይሆናል?»

«አንድ ይተርፋል።»

«ሌላውንስ?»

«ከእሱም አንድ ይተርፋል።» ጣቷን ወረቀቱ ላይ አስኬደች። ቦካይ ሊረዳት አልቸኮለም። ማራገቢያው ብቻ ይንሾካሾካል። ከዚያ ፊቷ ቀስ እያለ ፈካ። «ሁለቱን ስደምራቸው… ሁለቱ ትርፎች ይጣመራሉ። ብቻውን የሚቀር የለም። የትኛውም ቁጥር ቢሆን።»

«ይኸው፣ ይሄ ማረጋገጫ ነው።»

ሁለቱም ወረቀቱን ተመለከቱ። ከሚገባው በላይ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱት፤ ቀና ያለ ግን አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማክሰኞና ሐሙስ ከክፍል በኋላ በግቢው ዋርካ ሥር ይገናኙ ጀመር። ቦካይ የዘይቱና ፍሬ ቆራርጦ በፌስታል ይዞ ይመጣል፤ እሷ ቀዝቃዛ ሻይ ታመጣለች። ትጽፋለች፣ እሱ ያነባል፣ አንዲቱን ዓረፍተ ነገር በጣቱ ይነካታል። ሩዪንም «ይቺ ደግሞ ምን አደረገችህ?» ትላለች። ሁለት ወር ሳይሞላ እሱ ከመንካቱ በፊት ጣቱ የት እንደሚያርፍ ማወቅ ጀመረች። በአጋማሽ ፈተናው ስልሳ ሁለት አገኘች። አብራት የምትኖረው ልጅ «ሎጂክ ነው ወይስ ሌላ ነገር ነው የምትማሪው?» ስትላት፣ ሩዪን ትራሷን ወረወረችባት።

የመጨረሻው ፈተና ዋና ጥያቄ የከተሞችና የመንገዶች ጥያቄ ነበር። ከትምህርቱ ጠቅላላ ውጤት ሃያ ነጥብ ይይዛል። ሩዪን በእርጋታ፣ ባማረ ጽሑፍ ሠራችው። ወረቀቱ ሲመለስ ከጎኑ አንድም ቀይ ነገር የለም፤ ሃያ ከሃያ ብቻ ተጽፎበታል። የትምህርቱ ጠቅላላ ውጤት ሲደመር ሰባ አንድ ሆነ። ማለፊያው ስልሳ ነው።

ቅዳሜ ሾርባ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ለአባቷ ልታሳየው ጠረጴዛው ላይ ሳህኖች ደረደረች።

«አባዬ፣ ሳህኖቹ ከተሞች ናቸው፤ የመብያ እንጨቶቹ መንገዶች። ከየትኛውም ከተማ ወደ የትኛውም መሄድ ይቻላል። መንገዶቹ ከከተሞቹ በአንድ ብቻ ያንሳሉ። እንዲህ ከሆነ፣ በመጣህበት መንገድ ሳትመለስ ዞረህ ከተነሳህበት ልትደርስ አትችልም።»

«እግሬን ያመኛል፤ ድሮም አልዞር» አለ ጂንፉ። «እሺ፣ አሳዪኝ።»

«አንድ ሳህን ብቻ ሲሆን መንገድ የለም፣ መዞርም የለም። አንድ ሳህን ስጨምር አንድ እንጨት እጨምራለሁ። አዲሱ ሳህን በአንድ እንጨት ብቻ ስለሚያያዝ በእሱ በኩል መዞር አይቻልም። ሌላም ስጨምር እንዲሁ ነው። መቶም ቢሆን ያው ነው።»

ጂንፉ እጁን በሽርጡ ጠራረገና ሳህኖቹን ሁሉ ሰብስቦ እንደገና ዘረገፋቸው፤ ሰባት ሳህን፣ ስድስት እንጨት፣ እዚህም እዚያም የተያያዙ።

«ይሄን የደረደርኩት እኔ ነኝ። እንዳንቺ አንድ በአንድ አልጨመርኩትም፤ በአንድ ጊዜ ነው የዘረገፍኩት። ያንቺ ነገር ስለ እኔ ሳህኖች ምን ያውቃል?»

«ያው ነው እኮ፣ አባዬ። ያንተንም አንድ በአንድ…» አለችና ቆመች። የአባቷን ድርድር አንድ በአንድ ለማፍረስ፣ በአንድ እንጨት ብቻ የተያያዘ ሳህን ማግኘት አለባት። እዚህ አለ፤ ዳር ላይ ተቀምጧል። ግን ሁልጊዜ ይኖራል? ያን አላረጋገጠችም። አንድ መስመር እንኳ አልጻፈችበትም።

«ምነው ልጄ? ያልሆነ ነገር ተናገርኩ እንዴ?»

«ልክ ነህ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።» ድምጿ ቀነሰ። «ይሄ ሃያ ነጥብ ከሄደ እወድቃለሁ።»

«ይሄን የሚያውቅ ሰው አለ?»

«አንተና እኔ ብቻ።»

ጂንፉ ሳህኖቹን መሰብሰብ ጀመረ። ልጁ ቤት ብትመለስለት ደስታውን አይችለውም፤ ስለዚህ «ሄደሽ ተናገሪ» ብሎ ሊመክራት አፈረ። «ደብቂ» ማለትም አልሆነለትም። «እኔ ሾርባ ሻጭ ነኝ» ብሎ ቧንቧውን ከፈተ።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ቦካይን ዋርካው ሥር አገኘችው። ወረቀቱን ከፍታ ጣቷን ጉድለቱ ላይ አሳረፈች። አነበበ። ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ።

«አይተኸው ዝም ያልክ ከሆነ ንገረኝ» አለችው።

«አላየሁትም። እምልልሻለሁ፣ አላየሁትም።» መነጽሩን አወለቀ። «የሌላ ሰው ቢሆን አየው ነበር። ያንቺን ሳነብ ድምፅሽ ይሰማኛል። ስታስረጂኝ፣ እጅሽን ስታወናጭፊ… እንደ አራሚ አልነበረም ያነበብኩት።»

ይህን ለመስማት ወር ሙሉ ጠብቃለች፤ ሌላ ቀን ቢሆን በደስታ ትፈካ ነበር። አሁን ግን አንገበገባት።

«የመጀመሪያው ሙሉ ነጥቤ ነበር። የእኔ መስሎኝ ነበር።»

«እኔ ሄጄ ለመምህርቷ እናገራለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ማረጋገጫው የእኔ ነው» ብላ ተነሳች። መልሱንም አልጠበቀች።

ትምህርቱን የምታስተምረው መምህርት ኦው ናት፤ ስልሳ ዓመት የሆናት፣ ለመሳቅ የማትቸኩል ሴት። ሩዪን በስምንት ሰዓት በሯ ላይ ስትደርስ ቦካይ በሌላው ደረጃ እያለከለከ መጣ። በሩን እኩል አንኳኩ።

መምህርቷ የሁለቱንም አደመጠች፤ እኩል ስለሚናገሩ ሁለት ጊዜ ማስቆም ነበረባት። ወረቀቱንም አነበበች።

«ሁለታችሁ በአንድ ጥፋት ትሻማላችሁ። ለእኔ አንድ ሰው ይበቃኝ ነበር» አለች። «ሩዪን፣ ሃያውን አነሳለሁ። አምሳ አንድ ይሆናል።»

«አውቃለሁ፣ መምህርት።»

«ውጤት የማስገባው በአሥር ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ተማሪ ራሱ አግኝቶ ራሱ ላረመው ስህተት የጥያቄውን ነጥብ ግማሽ እሰጣለሁ፤ ለማንም ተማሪ። ሰሌዳው ያውልሽ። ቦካይ፣ አንተ ውጪ።»

በሩ ተዘጋ። ሩዪን ጠመኔውን ይዛ ቆመች። ከተሞች ሣለች፣ አጠፋች፣ እንደገና ሣለች። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። መምህርቷ ሌላ ወረቀት ታነባለች፤ ቀና አትልም። ሩዪን ዓይኗን ጨፍና አንድ የማያምን ሰው አሰበች። አባቷ መጣባት፤ በሽርጡ፣ ሳህኖቹን ሁሉ ሁለትና ሦስት እንጨት እያስነካ፣ ዳር የሚቀር ሳህን እንዳይኖር የሚታገል። ምን ያህል እንጨት ይበቃዋል?

ዓይኗን ገለጠች። እያንዳንዱ እንጨት ጫፉ ሁለት ነው። ሰባት ሳህኖች እያንዳንዳቸው ቢያንስ ሁለት ጫፍ ከነካቸው ጫፎቹ አሥራ አራት ናቸው፤ እንጨቶቹ ሰባት ሊሆኑ ነው። አባቷ ግን ያለው ስድስት ነው። አይበቃውም። ሳህኖቹ ስንትም ቢሆኑ አንድ ይጎድልበታል። ሁሉም ስለተያያዙ ደግሞ ምንም እንጨት ያልነካው ሳህን የለም፤ ስለዚህ አንድ እንጨት ብቻ የነካው ሳህን የግድ ይኖራል።

ቀስ ብላ፣ ምንም ሳትዘል ጻፈችው።

መምህርት ኦው ተነስታ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አነበበች። ከዚያ በሩን ከፈተች። ቦካይ ግድግዳ ተደግፎ ነበር፤ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ስልሳ አንድ» አለች መምህርቷ። «አንተ ግን ከሚመጣው ወሰነ ትምህርት ጀምሮ ይህችን ልጅ አታርማትም።»

«እኔም ይህንኑ ልለምንዎት ነበር» አለ ቦካይ።

መምህርቷ አንዴ እሱን አንዴ እሷን አየች፤ ትንሽ ፈገግ ብላም በሩን ዘጋችባቸው።

በኮሪደሩ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። የሩዪን ጣቶች በጠመኔ ነጥተዋል።

«አሁንም ተቆጥተሽብኛል?» አላት።

«ትንሽ። እስከ ማታ ይበርድልኛል።»

«እንግዲህ አራሚሽ አይደለሁም» አለ ቦካይ። ረጅሙ ሰውነቱ የት እንደሚቆም የጠፋው ይመስላል። «ቃላቱን ጠዋት አሰናድቼ ነበር፤ ጠፉብኝ። ሩዪን፣ እወድሻለሁ።»

ሩዪን የጠመኔውን ዱቄት በሸሚዙ እጅጌ ላይ ጠረገችና እጁን ያዘች። ደረጃውን አብረው ወረዱ።

ቦካይ ወደ ሾርባ ቤቱ የመጣው በክረምቱ ዕረፍት ነው። ሩዪን ስለ ውጤቷ ለአባቷ ስትነግረው ጂንፉ «በአንዲት ነጥብ» ብሎ ራሱን ነቅንቆ፣ ስለ መመለስ ዳግመኛ ሳያነሳ ቀርቷል። የቦካይ ነገር ግን ሌላ ነው። ቦካይ አጎንብሶ ሰላምታ ሰጠ፣ የአናናስ ኬኩን በሁለት እጁ አቀረበ፣ በአገራቸው ታላቅን በሚጠሩበት ወግም «አጎቴ፣ ስለ ልጅዎ ልነግርዎት…» ብሎ ጀመረ።

ጂንፉ አንድ ትልቅ ዓሣና አንዲት ወረንጦ ፊቱ አስቀመጠ። የዚያ ኩሬ ዓሣ ከሁለት መቶ የሚበልጥ አጥንት አለው፤ ብዙዎቹ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው።

«መጀመሪያ ይሄን አጽዳልኝ። ከዚያ ታወራለህ።»

ቦካይ እጅጌውን ሰብስቦ ተቀመጠ። ምሳ ተበላ፤ እሱ አልተነሳም። ሩዪን ልታግዘው ስትል አባቷ በዓይኑ መለሳት። ስምንት ሰዓት ሲያልፍ ወረንጦውን አስቀመጠ፤ ከዚያ ምን እንደጠረጠረ እንጃ፣ መልሶ አንስቶ አንዲት የመጨረሻ አጥንት መዘዘ።

ጂንፉ ዓሣውን ቀቅሎ፣ ዝንጅብል ጨምሮ፣ ብቻውን ተቀምጦ በላው። እያንዳንዱን ጉርሻ በምላሱ እየፈለገ፣ ሳይቸኩል በላ። ሁለቱ ቆመው ይጠብቃሉ። ሳህኑ ባዶ ሆነ። ያገኘው አጥንት የለም።

«የምትለውን በል» አለው።

ቦካይ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አፉን ከፈተ፤ ሩዪንን አያት፤ ምንም አልወጣውም።

ጂንፉ ጠበቀ፣ ጠበቀና ሽርጡን ፈትቶ ወረወረለት።

«ጠዋት የምንከፍተው በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው» አለው። «አታርፍድ።»