አርባኛው ክንድ

ጎሕ ሲቀድ ከዋይታ ገደል ቀይ ጉም ተነሥቶ የአድማሳን ከተማ ሸፈናት። ኮከብ ቆጣሪዎቹ ተሰብስበው «ገደሉ ተርቧል» ሲሉ ተነበዩ። ሰማዩን ሲመረምሩ አረፈዱ እንጂ አንዳቸውም ገመዱን ዞር ብለው አላዩም። እኩለ ቀን ላይ ታላቁ ገመድ ተበጠሰና አሥራ አንድ ሰው የጫነው ቅርጫት ወደ ጥልቁ ወረደ።

አድማሳ በገደል አፋፍ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ሰዉም እህሉም የሚወጣውና የሚወርደው በመዘውር በሚሳብና መሐል ማረፊያ ላይ ቆሞ በሚጭን ትልቅ ቅርጫት ነው። ቅርጫቱ በወደቀ ቁጥር ሕገ ዝምታ ይፈጸማል። የተበጠሰው ገመድ ርጉም ነውና ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ገደሉ ይጣላል፤ በመጨረሻ የነካው ሰው በሰባተኛው ቀን ይከተለዋል፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ነገሩ ትንፍሽ ማለት ክልክል ነው። በዘጠና ዓመት ውስጥ አሥራ ሦስት ጊዜ እንዲህ ተደርጎ፣ አሥራ ሦስት ጊዜ አዲስ ገመድ ተሰቅሏል። እንደ አድማሳ ፍርድ የሚፈጥንበት አገር አልነበረም፤ ገመድም ቶሎ የሚበጠስበት እንዲሁ።

በዚያ ጠዋት ቋጠሮውን ያጠበቀችው የገመድ ሠሪዎቹ አለቃ ሲማር ነበረች። እጇ ወደ ኋላ ሲታሰር ልጇ ያርዳ ቆማ አየች። ያርዳ የምታውቀው አንድ ነገር ነበር፤ እሱን ለመናገር ግን ፈራች። በምትኩ ወደ ዙፋኑ ቀርባ ተንበረከከች።

«ግርማዊት ሆይ፣ እናቴ አጥፍታ ከሆነ ገመዱ ራሱ ይመስክርባት። ዋይታ ወርጄ አመጣዋለሁ። በሰባተኛው ቀን ባልገኝ፣ ከእናቴ በፊት እኔ ልጣል ብዬ እምላለሁ» አለች።

ዋናው ፈራጅ ኢዮር ፊቱን አጠቆረ። «ገደሉ ውስጥ አውሬው ኡራል አለ። የወደቀ ሁሉ የእሱ ነው።»

ወጣቷ ንግሥት አዛሪት ግን ልጅቱን ትኩር ብላ አየቻት። «ስድስት ቀን ሰጥቼሻለሁ» አለች። «ሰባተኛው የሕጉ ነው።»

ሁለት ሰዎች ተከተሏት። አንዱ ሠላሳ ዓመት መዘውሩን የጠበቀው ሽማግሌ ወታደር ዶማር ሲሆን፣ ወደ ጥልቁ የሚያወርደውን የሰንሰለት መንገድ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር። ሌላው ወሬኛው ተሸካሚ ቤርጋ ነው። ከአሥራ አንዱ ሟቾች አንዷ እህቱ ነበረች፤ ከዚያች ሰዓት ወዲህ ወሬው ጠፍቶበታል። «ለምን እንደሞተች ሳላውቅ እህል አይወርድልኝም» አለ።

ሦስት ቀን ወረዱ። ውኃው ወደ ላይ የሚፈስበትን ፏፏቴ በጎን አለፉ። ሰውን በስሙ እየጠራ ወደ ገደል የሚያሳስተው ነፋስ ሲነሣ ጆሯቸውን በሰም ደፍነው በእጅ ምልክት ተነጋገሩ። ድንጋይ የሚያኝኩ የዋሻ ጅቦች ሲከቧቸው ዶማር በዛገ ጎራዴው መንገድ ከፈተ። በሦስተኛው ቀን ማታ የኡራል ዋሻ ደረሱ።

ኡራል ክንፉ የቤተ መንግሥት ጣሪያ ያህላል፤ ዓይን ግን የለውም። በተሰባበሩ ቅርጫቶችና በገመዶች ክምር ላይ ተጋድሞ ጆሮውን ወደ እነሱ አቀና።

«እኔ ሥጋ አልበላም» አለ፤ ድምፁ ዋሻውን አንቀጠቀጠው። «የምበላው የተሸሸገ ጥፋት ነው። ለአንድ ገመድ ለማንም ያልተነገረ አንድ ጥፋት ስጡኝ። ብትዋሹ እሰማለሁ፤ ያን ጊዜ አትወጡም።»

ቤርጋ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ቅርጫቱ ሞልቷል ብለው ነበር። አንድ ሰው ምን ያመጣል ብዬ እህቴን ገፍቼ ያስገባኋት እኔ ነኝ» አለና አለቀሰ። ኡራል በረጅሙ ተነፈሰ፤ ከክምሩም ግርጌ እጅግ ያረጀውን ገመድ ጎትቶ ወረወረለት።

የያርዳ ተራ ደረሰ። «ከመውደቁ አምስት ቀን በፊት ገመዱን ስዳስስ ቃጫው ተነሥቶ አገኘሁት። እናቴ ትጠየቃለች ብዬ ሰም ቀባሁበትና ዝም አልሁ» አለች። ሰሞኑን የተበጠሰው ገመድ እግሯ ሥር ወደቀ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግታ ከቅርጫቱ ቋጠሮ እስከ ተበጠሰበት ቦታ በክንዷ ለካች። አርባ ክንድ፤ አርባ ክንድ። አንዱን የፈተለችው እናቷ ናት፤ ሌላው ሲፈተል እናቷ ገና አልተወለደችም ነበር። የሠሪው እጅ እየተለያየ አበጣጠሱ አንድ ሆነ።

«ጋሼ ዶማር፣ ቅርጫቱ መሐል ማረፊያው ላይ ቆሞ ሰው ሲያሳፍር፣ አርባኛው ክንድ የሚያርፈው የት ነው?»

ሽማግሌው እንደ መቀመጥ አለ። «መዘውሩ ላይ ያለው የወርቅ ንስር ክንፍ ሥር» አለ ቀስ ብሎ። «የንግሥቲቱ ቅድመ አያት ያቆሙት ንስር። የዛሬ ሃያ ዓመት ክንፉ ላይ የቃጫ ክር ተንጠልጥሎ አይቼ በመዳፌ ጠረግሁት። የንጉሥን ንስር ማን ይከሳል? ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ወደቀ። በአንዱ ጓደኛዬን ጣሉት፤ እኔም ቆሜ አየሁ።»

ኡራል ሦስተኛውን ገመድ ሰጠ። «ዘጠና ዓመት ስጠብቅ እንዲህ ጠግቤ አላውቅም» ብሎ አንገቱን ደፋ።

በስድስተኛው ቀን የመጨረሻው ሰንሰለት ላይ ደረሱ። ዶማር ቀድሞ ወጣ። ያርዳና ቤርጋ ገመዶቹን ተሸክመው ገና መሐል ላይ ሳሉ ሰንሰለቱን የያዘው ችንካር ከዓለቱ ሲንሸራተት አየው።

«ችንካሩ እየወጣ ነው! አትወዛወዙ፤ አንድ በአንድ ውጡ!» ሲል ጮኸ። ሰንሰለቱን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ በሁለት እግሩ ዓለቱን ረገጠ። መጀመሪያ ቤርጋ ወጣ፤ ቀጥሎ ያርዳ። እጇን ስትዘረጋለት ችንካሩ ተነቅሎ የሰንሰለቱ ክብደት ሽማግሌውን ጎተተው።

«አየሁ፤ ተናገርሁም» አለ። ፊቱ ላይ ፍርሃት አልነበረም። ጉሙ ዋጠው።

በሰባተኛው ቀን ሲማር አፋፉ ላይ ቆማ ሳለ ሁለቱ አቧራ ለብሰው ደረሱ። ያርዳ የዶማርን ነገር ተናግራ ሦስቱን ገመዶች በንግሥቲቱ ፊት ዘረጋች፤ ሦስቱም እኩል አርባ ክንድ ነበሩ። አዲሱም ቅርጫት መሐል ማረፊያው ላይ እንዲቆም ለመነች። ከተሰቀለ ስድስት ቀን ብቻ የሆነው ገመድ ከክንፉ ሥር ሲታይ፣ በአርባኛው ክንድ ላይ ቃጫው ተነሥቶ ነበር። ሕዝቡ አጉረመረመ።

«እኔም ይህን ቅርጫቱ ከመውደቁ አምስት ቀን አስቀድሜ ዳስሼ ደብቄአለሁ» አለች ያርዳ። «ሕጉ ሰው ከፈለገ እኔ አለሁ።»

ኢዮር «ራሷ አመነች፤ ትጣል» አለ።

ንግሥት አዛሪት ከዙፋኗ ወርዳ መዘውሩ ዘንድ ሄደች። የወርቁን ክንፍ ጠርዝ በጣቷ ብትነካው ጣቷ ደማ። ደሙን ለሕዝቡ አሳየች።

«አሥራ ሦስት ሰው የጣልነው ለዚህ ነው» አለች። «ቅድመ አያቴ ለክብር አቆሙት፤ እኛም ለክብራቸው ዓይናችንን ጨፈንን። ንስሩ አሁኑኑ ይውረድ! ከዛሬ ጀምሮ የተበጠሰ ሁሉ አደባባይ ላይ ይቀመጥ፤ ሁሉም መጥቶ ይመርምረው። አይቶ የተናገረ፣ ጥፋቱ የራሱ ቢሆን እንኳ፣ በእኔ ጥላ ሥር ነው። ሕጉም ሕገ ዶማር ይባል።»

ንስሩ ሲወርድ የተነሣው እልልታ ዋይታ ድረስ ተሰማ። የሲማር እጅ ተፈታ። ሕዝቡን ጥሳ መጥታ ልጇን በሁለት እጇ ያዘቻት።

«አምስት ቀን ሙሉ ደበቅሽኝ?»

«ፈርቼ ነው፣ እማ።»

«ፍሪ፤ ግን ንገሪኝ» አለችና አቀፈቻት።

ያን ጊዜ ከሕዝቡ መሐል አንድ ቀጥቃጭ ወጣ። ስለ ጎተራው በር መቀርቀሪያ የሚናገረው ነገር እንዳለ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ለቤርጋ ነገረው፤ ማንም እንደማይነካው እርግጠኛ መሆን ፈልጎ ነበር። ቤርጋ ክንዱን ይዞ ወደ ንግሥቲቱ ወሰደው። ከኋላው አንዲት የጉድጓድ ጠባቂ ተሰለፈች፤ ከእሷ ኋላ ሁለት ግንበኞች። ማታ ሰልፉ የከተማዋ በር ድረስ ደርሶ ነበር። የዘጠና ዓመት ዝምታ በአንድ ቀን አያልቅምና ንግሥቲቱ የቀሩትን ነገ ኑ ብላ አሰናበተቻቸው። በማግሥቱም መጡ።