በድምፅ የታየው

«ከትናንት ማታ ወዲህ ምንም አልቀመሱም አይደል?» ነርሷ ቅጹን እየሞላች ጠየቀች።

«ምንም!» አሉ እትዬ ጥሩብርሃን፣ ጥያቄው እንኳ ሳያልቅ።

ፀደንያ ደነገጠች። ዛሬ ጠዋት አባቷ አንድ ብርጭቆ ጠበል ጠጥተዋል። የቀዳችላቸው ራሷ ናት፤ አክስቷ እትዬ ጥሩብርሃንም አይተዋል።

አባቷ መሪጌታ አምደሚካኤል የደብረ ማርቆስ የቅኔ መምህር ናቸው። ዓይናቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ አያይም። ሆዳቸውን ሲያማቸው ከርሞ፣ ቆሽታቸው ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ተገኘ። ክፉ ይሁን ደህና ለመለየት ፈሳሹ ተቀድቶ መመርመር ነበረበት። ለዚህ ወረፋ ሁለት ወር ጠብቀው ነው አዲስ አበባ የመጡት።

«ጠበል ጾም አያስገድፍም» ሲሉ እትዬ ጥሩብርሃን በጆሮዋ አንሾካሾኩ። «ዝም በይ፣ ቀጠሮው ያልፍብናል!»

ነርሷ ቅጹን አጥፋ ልትገባ ስትል ግን ፀደንያን አላስቻላትም።

«ሲስተር፣ ጠጥተዋል። ጠዋት፣ ጠበል።»

ነርሷ ቆመች። «እንኳን ተናገርሽ! በማደንዘዣ ሲተኙ የጠጡት ወደ ሳንባቸው ሊገባ ይችል ነበር። ከሰዓት እናስገባቸዋለን።»

አክስቷ ተቆጥተው ከአጠገቧ ተነሡና ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

አሥር ሰዓት ገደማ ምርመራው አልቆ፣ የሠሩት ዶክተር ሔዋን ፀደንያንና አክስቷን ጠርተው አስገቧቸው። መሪጌታ ነቅተው አልጋው ላይ ተቀምጠዋል። ዶክተሯ የተቀረጸውን ምስል ከፍተው ስክሪኑን ወደ ፀደንያ አዞሩት።

«ቱቦውን በአፋቸው እስከ ጨጓራ አስገባነው። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ስለሆነ ካሜራ አያየውም። ስለዚህ ጫፉ ላይ ያለው መሣሪያ የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ይልካል። ድምፁ ነጥሮ ሲመለስ ምስል ይሆናል።»

«እንደኔ በጆሮው ነዋ የሚያየው!» አሉ መሪጌታ። ዶክተሯ ሳቁ።

ፀደንያ ግን መሳቅ አልቻለችም። እንደ ክረምት ጉም ባለው ግራጫ መሃል ሎሚ የሚያህል ጥቁር ክብ ይታያል። አንዲት ቀጭን ነጭ መስመር ብቅ አለች።

«መርፌዋ ናት» አሉ ዶክተሯ።

መርፌዋ ቀስ ብላ ጥቁሩን ወጋች። ክቡ እየሟሸሸ፣ እየጠበበ ሄደ። ፀደንያ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። በየቀኑ እጃቸውን ይዛ የምትመራቸው አባቷ ውስጥ ይህ ሁሉ አገር አለ? ቢላዋ ሳይነካቸው፣ በድምፅ ብቻ እዚያ ድረስ ተደረሰ?

«ምን ታያለሽ፣ ፀዲ?» አሉ አባቷ።

«እንዴት ብዬ ልንገርዎ፣ አባባ…» አለች።

በማግስቱ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመለሱ አውቶቡሱ ደጀን ላይ ለምሳ ቆመ። እትዬ ጥሩብርሃን ወደ ጎን ሳቧት። «ውጤቱን ለመንገር የሚደወለው ባንቺ ስልክ ነው። ክፉ ከሆነ ደህና ነው በያቸው። ልባቸው አይችልም።»

ፀደንያ አባቷን ልታወርድ ወደ አውቶቡሱ ሄደች።

በዘጠነኛው ቀን ስልኩ ጮኸ። መሪጌታ ዋርካው ሥር ተቀምጠው የተማሪ ቅኔ ያርማሉ። እትዬ ጥሩብርሃን ከደጃፍ ሆነው አፍጥጠው ያዩዋታል።

«ፀደንያ፣ ውጤቱ ደርሷል» አሉ ዶክተር ሔዋን። «ልንገርሽ?»

ድምፃቸው ምንም አያስታውቅም። ፀደንያ ወደ አባቷ አየች።

«ትንሽ ይጠብቁኝ፣ ዶክተር።»

በተማሪዎቹ መሃል አልፋ አባቷ አጠገብ ተንበረከከች። ስልኩን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችው።

«አባባ፣ ዶክተር ሔዋን ናቸው። ለእርስዎ ነው።»

ከዚያ ሌላውን እጃቸውን ያዘች።